የጋሽ ከድር ጎባጣ ጣት

ጋሽ ከድር ማረፋቸውን የነገረኝ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ከሳጉሬ ወደ አሰላ ለአንድ ጉዳይ እየሄድሁ ነበር። «አባባ፣ ያ ዱላ ጠራቢው ሽማግሌ እኮ ትናንት ተቀበሩ» አለኝ፣ ማርሽ እየቀየረ። አነጋገሩ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነበር። አልፈረድሁበትም። እሱ የሚያውቃቸው በመንገድ ዳር ቁጭ ብለው ሞፈርና ቀንበር ሲጠርቡ ነው። እኔ የማውቃቸው ቀይ ሸሚዝ የለበሱ አሥራ አንድ ጎልማሶችን አስከትለው ሜዳ ሲገቡ ነው።

ጉዳዬን ትቼ በቀጥታ ወደ ለቅሶ ቤቱ ሄድሁ። እዚያ የሆነውን ወደ መጨረሻው እናገራለሁ። አስቀድሜ ሰውዬው ማን እንደነበሩ ልናገር።

አጭር ሰው ነበሩ፤ ትከሻቸው ግን የበሬ ነው። የቀኝ እጃቸው ሌባ ጣት ከመሐሉ ተጣሞ ወደ ጎን ይመለከታል። መንገደኛ አቅጣጫ ሲጠይቃቸው ጣታቸው ጭላሎ ተራራን እያመለከተ እሳቸው «ገበያው በዚህ ነው» ይላሉ። እንግዳው ግራ ሲጋባ ይስቁና «ጣቴን አትከተል፣ ዓይኔን ተከተል» ይሉታል። ይህ ጣት እንዴት እንደጎበጠ የሚያውቅ ሰው ዛሬ ከእኛ መካከል ብዙ አልቀረም። እኔ አውቃለሁ። ለመጉበጡም ድርሻ አለኝ።

ነገሩ በጃንሆይ ዘመን ነው። ባላምባራስ ጥላዬ የሚባሉ የእህል ነጋዴና ባለ ርስት አሰላ ላይ ትልቅ መጋዘን ነበራቸው። እኔ በዚያ መጋዘን ሚዛን ላይ እሠራ ነበር። አስኳላ አልገባሁም። ፊደል የለየሁት በጆንያ ላይ ከተጻፈ የባለቤት ስምና ሱቅ ስኳር ከሚጠቀለልበት አሮጌ ጋዜጣ ነው። ለዚህም ነው ልጆቼ መጽሐፍ ሲጥሉ ባየሁ ቁጥር የምቆጣው።

አንድ ቀን የባላምባራስን የጭነት መኪና ሊጠግን የመጣ፣ አስመራ ላይ ከአሜሪካኖች ጋር የሠራ መካኒክ ከመኪናው ሥር ሆኖ ወሬ ጀመረ። አሜሪካኖች በዱላ ኳስ እየመቱ ይሮጣሉ፣ በአገራቸው ለዚህ ብለው ደመወዝ የሚበሉ ሰዎች አሉ፣ ከተማ ከከተማም ይጋጠማሉ አለ። ባላምባራስ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«በዱላ ኳስ መምታት ደመወዝ ካስበላ እኛማ ገናን ስንጫወት በነፃ ነው ያረጀነው!» አሉ።

ከሳቁ በኋላ ግን ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ሲሉ አንድ ነገር እያሰቡ ነው። በወሩ የሳጉሬን፣ የኢተያንና የአቦምሳን ነጋዴዎች አስማምተው አራት ቡድን አቆሙ። ጨዋታው አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ፣ ከጥምቀት እስከ ቅበላ፣ በየእሑዱ እንዲሆን ተወሰነ። ተጫዋች ደመወዙ በወር አንድ ኩንታል ስንዴ ነው። ቀይ ሸሚዝና ሸራ ጫማም ይሰጠዋል። ሸሚዙን ወደዱት፤ ጫማውን ሰቅለው በባዶ እግራቸው ተጫወቱ።

ለአሰላ ቡድን አለቃ ሲፈለግ ሁሉም ጋሽ ከድርን ጠራ። በኦሮምኛ ቅሌ የሚሉትን ይህንኑ የዱላና ሩር የምትባል የእንጨት ኳስ ጨዋታ ከልጅነታቸው የተጫወቱ ናቸው። አንዱ ቀልደኛ «ከድር፣ አንተ እስላም፣ ገና ምንህ ነው?» ቢላቸው፣ «ዱላ ሃይማኖት የለውም፤ ሃይማኖት ያለው የያዘው ሰው ነው» ብለው መለሱለት። ዱላዎቹንም የጠረቡት እሳቸው ናቸው። ጫፉ በተፈጥሮው የጎበጠ ወይራ ፍለጋ ጭላሎ ላይ ሁለት ቀን ዞሩ። ቀጥ ያለውን በእሳት ለምን አያጎብጡትም ብላቸው፣ «በእሳት የጎበጠ አንድ ቀን ይመለሳል። ጎብጦ የተወለደ ግን አይከዳህም» አሉኝ።

እኔን ዳኛ አደረጉኝ። ባላምባራስ ከአዲስ አበባ ፊሽካ አስመጥተው በክር አንገቴ ላይ አሰሩልኝ። የዳኛ ዋና ሥራ ሚና ማስለየት ነው። በገና ጨዋታ ሁሉም ወገን ሩሯን የሚመታው ከራሱ በኩል ቆሞ ነው። ወደ ባላጋራው በኩል የዞረ «ሚናህን ለይ!» ይባላል። ተብሎ ካልተመለሰ ቅልጥሙን ቢመታ ከሳሽ የለውም። ዱሮ ይህን የሚጮኸው ተጫዋቹ ሁሉ ነበር። የእኛ ግን ሥራ ስለሆነ የሚናገረው ፊሽካዬ ብቻ እንዲሆን ተደነገገ።

ጨዋታው ሞቅ ብሎ ጀመረ። ኢተያን አሸነፍን። የአቦምሳ ቡድን ጎማው ፈንድቶ ጎሚስታ ፍለጋ ሲንከራተት ውሎ ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ ደረሰ። ጋሽ ከድር ወደ ቤታቸው ወስደው አበሏቸው። «ሳትጫወቱ አቻ ወጣችሁ» ብለውም ሸኟቸው። የዚያን ጊዜ ደስታ አሁንም ትዝ ይለኛል። በየጎጡ ተለያይቶ የሚኖር ሰው አንድ ማሳ ዳር ቆሞ በሁለት ቋንቋ የአንድ ቡድን ስም ይጠራ ነበር።

ከዚያ የሳጉሬ ቀን መጣ።

የሳጉሬ ቡድን አለቃ ይርጋ ነበር፤ የባላምባራስ ሚስት ወንድም፣ ግዙፍና ኩሩ ሰው። በእኛ በኩል ገመቹ የሚባል ፈጣን ልጅ እግር ተጫዋች ነበር። የባላምባራስ ጭሰኛ ነው፤ ሦስት ልጆች አሉት፣ ሚስቱም አራተኛውን አርግዛ ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ይርጋ ሩሯን አሳድዶ በእኛ በኩል ዞረ። አየሁት። አምስት እርምጃ እንኳ አልርቀውም ነበር። ፊሽካው ከንፈሬ ላይ ነው። የባላምባራስን አማች ሚናህን ለይ ማለት ከበደኝ። «አሁን ራሱ ይመለሳል» ብዬ ጠበቅሁ። ገመቹ እንደ ዱሮው ደንብ ቅልጥሙን መታው። የአጥንቱ ድምፅ እስከ ሕዝቡ ተሰማ።

ይርጋን በቃሬዛ ወሰዱት። በማግስቱ ባላምባራስ በተጫዋቾቹና በሕዝቡ ፊት ሽማግሌዎች ሰበሰቡና ውሳኔያቸውን አስቀድመው ተናገሩ። ገመቹ ዝናብ ሳይገባ መሬታቸውን ለቆ ይሂድ።

ገመቹ ተንበርክኮ «ጌታዬ፣ ማሎ፣ የት እገባለሁ? ሚስቴ ቀኗ ደርሷል» አለ።

አንድ ሽማግሌ፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለም? ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው ነው» አሉ።

«ገና በገና ቀን ነው» አሉ ባላምባራስ። «ይኼ ሥራ ነው። ስንዴዬን እየበላ አማቼን ሰበረ። በሥራ ላይ ያጠፋ ደግሞ ይባረራል።»

ያን ጊዜ ነው ሁላችንም ምን እንዳጠፋን የገባን። ስንዴውን ስንቀበል ምሕረቱን እንደሸጥን ማንም አላሰበም ነበር። ጨዋታውን ሥራ ስናደርገው ቁጣ የማይገባበት ያ አንድ ሜዳ ከእጃችን ወጣ።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «ዳኛው አንተ ነህ። ይርጋ ሚናውን ለይቶ ነበር ወይስ ዞሮ ነበር?»

የገመቹ ቤት በእኔ አንድ ቃል ላይ ቆመ። ባላምባራስ አዩኝ። ሚዛኔን አሰብሁ፣ እንጀራዬን አሰብሁ።

«አቧራ ነበር» አልሁ። «አላየሁም።»

ጋሽ ከድር ወደ ጫማዬ ተመለከቱ። ከዚያ ተነሥተው ቀይ ሸሚዛቸውን አወለቁ፣ አጣጥፈው ከባላምባራስ እግር ሥር አኖሩት፣ ዱላቸውን በላዩ ላይ አጋደሙ።

«ምን ማለትህ ነው፣ ከድር?»

«ሥራ ከሆነ ለቀቅሁ፣ ጌታዬ። እኔ የገባሁት ጨዋታ መስሎኝ ነው።»

የቀሩት ተጫዋቾች አንድ በአንድ እየመጡ ሸሚዛቸውን አስቀመጡ። ባላምባራስ ፊታቸው ጠቆረ። ጋሽ ከድር ግን ድምፃቸውን አላነሡም።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። የቅበላ እሑድ አንድ ጊዜ እንጫወት። ያለ ስንዴ፣ ያለ ሸሚዝ። እርስዎም ይግቡ። ከዚያ በኋላ ገመቹን ማባረር ካሻዎት ያባርሩት፤ እኔም አብሬው እወጣለሁ።»

«እኔን ልትፈትነኝ ነው?»

«ኧረ ወላሂ አይደለም። ‹በጎልማሳነቴ ሩር ስታየኝ ትሸሽ ነበር› ሲሉ እሰማለሁ። መሸሿን ለማየት ጓጉቼ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ከሕዝቡ ውስጥ «ይግቡ! ይግቡ!» የሚል ተነሣ። ባላምባራስ ስለ ገና ጨዋታቸው ሠላሳ ዓመት ፎክረዋል፤ እንዴት እምቢ ይበሉ? «እገባለሁ! ማን ፈርቶ!» አሉ።

የቅበላ እሑድ ገበያ እንኳ እንደዚያ አይሞላም። ባላምባራስ ነጠላቸውን አውልቀው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው በአማቻቸው ቦታ ከሳጉሬ ወገን ገቡ። ትንሽ እንደሮጡ ትንፋሽ አጠራቸው። ከሕዝቡ አንዲት ሴት አወጣች፤ ሌላው ተቀበለ፦

«ሩሯ ሮጠች ሜዳውን ዞራ፣
ጌታችን ቀሩ ከሆዳቸው ጋራ!»

በሌላ ቀን ይህን ያለች ሴት አትተርፍም። ባላምባራስ ግን ጥርሳቸውን ነክሰው ሮጡ። እልህ ያዛቸው። እልህ ይዟቸውም ልክ እንደ አማቻቸው በእኛ በኩል ዞሩ።

ፊሽካው ከንፈሬ ላይ ነው። ጋሽ ከድርን አየኋቸው፤ እሳቸው ወደ እኔ አያዩም ነበር። ነፋሁ። ሜዳው ሁሉ ቆመ።

«ጌታዬ» አልሁ፣ ድምፄ እንደ ሴት ልጅ ቀጥኖ፣ «ሚናዎን ይለዩ!»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ባላምባራስ እንደ ሻምላ በሚቆርጥ ዓይን አዩኝ። ከዚያ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ «እሺ፣ ዳኛ» ብለው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። በሕይወቴ ከሰማኋቸው ቃላት ሁሉ ያስደነቀኝ ያ «እሺ» ነው። ሰው ሊያደርገው የሚችለውን መልካም ነገር ብዙ ጊዜ የምንከለክለው ራሳችን ነን፤ አስቀድመን ስለምንፈራለት።

ጥቂት ቆይቶ ሩሯ በአንድ ፈር ውስጥ ተቀረቀረች። ባላምባራስ ከአንድ በኩል፣ ጋሽ ከድር ከሌላው በኩል ደረሱ። ጋሽ ከድር ዱላቸውን ከታች ይዘው ጎንበስ አሉ። ባላምባራስ ከነእልሃቸው ሰነዘሩ። የተሰማው የሩር ድምፅ አልነበረም። ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነበር።

ጋሽ ከድር ቀና አሉ። ቀኝ እጃቸውን ከፍ አድርገው፣ ጉድለት እንዳለበት እንጨት ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት። ሌባ ጣታቸው ወደ ጎን ተንጠልጥሏል። የጠራቢ ቀኝ እጅ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ባላምባራስ ዱላው ከእጃቸው ወደቀ።

«ከድር… እጅህን… ምን አደረግሁ?»

ጋሽ ከድር ከንፈራቸው ነጥቶ፣ ግንባራቸው ላብ አውጥቶ ፈገግ አሉ።

«በገና ጨዋታ…» አሉና ጠበቁ።

«በገና ጨዋታ፣ ጌታዬ…» አሉ እንደገና።

ባላምባራስ አንገታቸውን ደፉ። «አይቆጡም ጌታ» አሉ፣ ከጎናቸው ያለ ሰው እንኳ በጭንቅ በሚሰማው ድምፅ።

«ጌታ ብቻ አይደለም የማይቆጣው» አሉ ጋሽ ከድር። «እኔም አልተቆጣሁም።»

ባላምባራስ ገመቹን በእጃቸው ጠሩት። ገመቹ መጣ። «ሂድ» አሉት፣ «በሬህን ጥመድ። መሬቱን እረስ።» ከዚያ የራሳቸውን ነጠላ ቀደው የጋሽ ከድርን እጅ ራሳቸው አሰሩ።

የስንዴው ገና በዚያው ቀን ሞተ። ያንን ካየ በኋላ ሸሚዙን መልሶ የሚለብስ አልተገኘም፤ የሦስቱ ከተሞች ነጋዴዎችም ስንዴያቸውን ይዘው ወደ ንግዳቸው ተመለሱ። አንድ አዝመራ እንኳ ሳይሞላው አለቀ። ቀይ ሸሚዞቹ ለጆንያ መጣፊያ ሆኑ። ይርጋ እግሩ ድኖ ዓመት ሙሉ አኮረፈ። የገመቹ ሚስት በሰላም ወለደች፤ ወንድ ነው፣ ስሙን ከድር አሉት።

የኢተያው ወጌሻ ጣታቸውን አሸ፣ አሰረ፤ ግን አልተቃናም። ጋሽ ከድር ጠረባን በግራ እጃቸው እንደ አዲስ ተማሩ። የመጀመሪያው ዓመት ቀንበራቸው ሸፋፋ ነበር፤ ገበሬው እያወቀ ገዛው። አንድ ቀን ከጎናቸው ተቀምጬ ደፍሬ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ እጅዎን ሆን ብለው ነው ያስገቡት?»

«ሩሯ እዚያ ነበረች» አሉኝ። ከዚህ ሌላ መልስ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልሰጡኝም። እኔም ለራሴ አንዱን መርጬ ለማመን አልደፈርሁም።

በዚያው ቀን የራሴን ነገር ነገርኋቸው። ይርጋን እንዳየሁት፣ ፊሽካውን በፍርሃት እንዳልነፋሁ፣ ብነፋ ኖሮ የይርጋ እግርም የእሳቸው ጣትም እንደማይሰበር። ሥራቸውን ሳያቋርጡ አዳመጡኝ።

«ለእኔ ለምን ትነግረኛለህ? ለገመቹ ንገረው።»

«አፍራለሁ።»

«ስትችል ንገረው። ግን ብዙ አታቆየው። እርጥብ እንጨት ቀለም ቢቀቡት ደህና ይመስላል፤ ቆይቶ ነው የሚሰነጠቀው።»

አቆየሁት። ሳጉሬ ገባሁ፣ ሚስት አገባሁ፣ ልጆች ወለድሁ። መንግሥት ተለወጠ፣ መሬት ለአራሹ ሆነ፤ «እንግዲህ ነገሩ አልፏል» አልሁ። ልጆቼ ያስታውሳሉ፤ በእኔ ቤት የዋሸ ልጅ እራት አይበላም ነበር። ስለ እውነት ስመክራቸው ደግሞ የጋሽ ከድርን ንግግሮች እንደ ራሴ አድርጌ እናገር ነበር። ይህንንም አሁን ይወቁት። ባስተማርኋቸው ነገር አልጸጸትም፤ ትክክል ነበር። የጸጸተኝ እኔ ሳልማረው ማስተማሬ ነው።

አሁን ወደ ለቅሶ ቤቱ ልመለስ። ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ ቦታ ስፈልግ ከጥግ አንድ ሽማግሌ ጎናቸውን ለቀቅ አደረጉልኝ። ገመቹ ነበር። ጸጉሩ ሁሉ ነጭ ሆኗል። ተሳሳምን፤ የሟቹን ደግነት ተጨዋወትን። በዚያ መሐል ያ እርጥብ እንጨት ሲሰነጠቅ ተሰማኝ።

«ገመቹ» አልሁት፣ «ያን ቀን አቧራ አልነበረም። ይርጋን አይቼው ነበር።»

ዞሮ አየኝ። ዓይኑ ላይ ቁጣ ፈለግሁ።

«አቧራ ከየት ይመጣል?» አለ ቀስ ብሎ። «ሌሊቱን ካፊያ ጥሎ ማሳው ጭቃ ነበር እኮ። አንተ ‹አቧራ› ስትል ጭቃው ከጫማህ ላይ ገና አልረገፈም ነበር።»

ጋሽ ከድር ወደ ጫማዬ ለምን እንደተመለከቱ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሽማግሌዎቹም፣ ባላምባራስም፣ ሁሉም አውቆ ነበር።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልኸኝ?»

«ልመጣብህ ነበር። ጋሽ ከድር ‹ተወው፤ ራሱ ይመጣል› አሉኝ።» ትንሽ ሳቀ፤ ጥርሱ ጥቂት ነው የቀረው። «እንዲህ ትቆያለህ ብዬ ግን አላሰብሁም።»

አንገቴን ደፋሁ። ክንዴን ያዘኝ።

«በገና ጨዋታ…» አለ። ጠበቀኝ።

«አይቆጡም ጌታ» አልሁ።

«በዳኛም አይቆጡም» አለ። «ፊሽካህ አለ?»

«የት እንዳለ አላውቅም። ለምን?»

«ፈልገው። ለገና የልጅ ልጆቼ በእኔ ማሳ ላይ ይጫወታሉ። ዱላ የጠረቡላቸው ጋሽ ከድር ናቸው፤ አልጋ ላይ ሳይወድቁ ነው የጨረሱት። ዳኛ ነው ያጡት።»

ሳጉሬ እንደተመለስሁ አሮጌ ሳጥኔን ገለበጥሁ። ከሥር፣ በበሰበሰ ክር ታስሮ አገኘሁት። ዝጓል። በጋቢዬ ጫፍ ጠርጌ ነፋሁት።

ይጮኻል።